በቀይ እስክሪብቶ የታረመው ወረቀት

ውድ ልጄ ኤደን፣

ስልኬን ስለማታነሺ ነው የምጽፍልሽ። አልተቀየምኩሽም። እናትሽን «ጨጓራ ነው» ብለሽ የዋሸሻት እኔ አዝዤሽ ነው፤ ኃጢአቱ የእኔ ነው። ከቀብሯ ወዲህ ግን ለብቻሽ ተሸክመሽው ጅማ እንደተቀመጥሽ አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደብተሯን ገለጥኩ። ያንን፣ ለተማሪዎቿ እንኳ የማታስተምረውን፣ ሰው የማያውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ የምትለቅምበትን። ቃሉ፣ ከጎኑ አነባበቡ በእኛው ፊደል፣ ከሥሩ ፍቺው። «ፔትሪኮር፦ ዝናብ ደረቅ መሬት ሲመታ የሚወጣው ሽታ።» እኔን፣ ስምንተኛ ላይ ያቆምኩትን የጀልባ አናጢ ሳይቀር ታስጠናኝ ነበር።

«ካሳሁን፣ ሚስማሩን ከአፍህ አውጣና ድገመው።»

«ዓሣ አጥማጆቹ በእንግሊዝኛ አያዙኝም።»

«ድገመው ብያለሁ።»

የመጨረሻው ገጽ ላይ ያ ቃል አለ፤ ያኔ ከሐኪሟ ወረቀት ላይ በስልክ ፊደል በፊደል ያነበብኩልሽ፣ አንቺም ፍቺውን የነገርሽኝ። «መ-ታስ-ተ-ሲስ፦ በሽታ ከተነሣበት ቦታ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መዛመት።» በገዛ እጇ ጽፋዋለች። የሐኪሙን ወረቀት እኔ ዳዊቴ ውስጥ ነበር የደበቅኩት። ሄጄ ባየው፣ ሐኪሙ የዘለላትን አንዲት ፊደል በቀይ እስክሪብቶ ሞልታለት፣ እንደ ተማሪ ወረቀት አርማ መልሳ አስቀምጣዋለች።

የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። «ሳትዘጋጅ ሄደች እያልኩ ነበር የምሰቃየው፤ ለካ ታውቅ ኖሯል» አልኳቸው።

«የነገረችኝን አልነግርህም። ግን መጥታለች፤ ቆርባለችም። አንተ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር፣ ሥራ ላይ ነበርክ» አሉኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእሱ ጋር ጨርሳለች። ከእኔና ከአንቺ ጋር ግን አልተሰናበተችም። ለታማሚ ክፉ አይነገርም ብዬ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሾርባ ሳቀርብላት «ጨጓራሽ ዛሬ እንዴት ዋለ?» እላታለሁ፤ «ሻል ብሎኛል» ትለኛለች። ሁለታችንም እያወቅን። ሁለት ወር ሙሉ። ምን ልትለኝ ፈልጋ ይሆን የዋጠችው? ጸሎት ቆሜ እንኳ ይኸው ነው የሚመጣብኝ።

አሁን ለእኔም የሐኪም ወረቀት ተሰጥቶኛል። አንድ ቃል አለበት፤ ደብተሯ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ጎረቤታችን ሕዝቅያስ «በስልኬ ልይልህ ጋሼ» ቢለኝ እንቢ አልኩት። በብጣሽ ወረቀት ገልብጬ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቼልሻለሁ። በስልክ እንዳትነግሪኝ። ነይና አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ ያለውን እንዳለ ንገሪኝ። ብፈራም መፍራቴን ከአንቺ አልደብቅም።

አባትሽ ካሳሁን
ታቦር፣ ሐዋሳ