ቅንጬ አረምን በሒሳብ ስሌት ሲከላከሉልን ስለነበሩት መምህርት እስከዳር ፈረደ ዕረፍት

የኮኪት ሰሊጥና ማሽላ አምራቾች ማኅበር የሰብል ጥበቃ አማካሪ የነበሩት መምህርት እስከዳር ፈረደ፣ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ተፈጽሟል። ይህን ለአባላትና ለአካባቢው ሕዝብ የምናስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው።

መምህርት እስከዳር በ1974 ዓ.ም. መተማ ዮሐንስ ተወለዱ። በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ ወደ ቆላው ተመልሰው አሥራ ስድስት ዓመት አስተምረዋል።

በ2010 ዓ.ም. ቅንጬ አረም ማሳችንን ሲወርና በየዓመቱ መድኃኒት መርጨት ሲሰለቸን፣ በክረምት ዕረፍታቸው ከማሳ ማሳ እየዞሩ በካሬ ሜትር የበቀለውን አረም ቆጠሩ። የአረሙን አዛመት የሚያሳይ የሒሳብ ሞዴልም ሠሩ። ርጭቱን ትተን፣ አረሙን ሳያብብ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ በእጅ ብንነቅለው በሦስት ዓመት እንደሚመናመን አስረዱን፤ ተቀበልናቸው።

በ2013 ዓ.ም. ግን አረሙ አልቀነሰም። በአሥራ አንድ አባላት ማሳ እንዲያውም ባሰ። መምህርት እስከዳር በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቆመው፣ «እናንተ የተባለውን ሠርታችኋል፤ የተሳሳተው የእኔ ስሌት ነው» አሉ። ብዙዎቻችን ተቆጥተን ነበር፤ ክፉ የተናገርናቸውም አለን።

በሳምንቱ ቆጠራቸውን እንደገና ጀመሩ። ከጎጃም ለአረማ የሚመጡት የቀን ሠራተኛ ወይዘሮ ታይቱ፣ «መሀሉማ ንጹሕ ነው፤ ቀድሞ የሚበቅለው ትራክተሩ በሚገባበት በኩል ነው» ብለው አሳዩአቸው። የኪራይ ትራክተር በማረሻ ዲስኩ ላይ በተጣበቀው ጭቃ የአረሙን ዘር ይዞ ከማሳ ማሳ እንደሚዘዋወር በስሌቱ ውስጥ አልገባም ነበር።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዲስኩ ሳይታጠብ ወደ አባል ማሳ የሚገባ ትራክተር የለም። በ2016 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ አረሙ በሦስት አራተኛ ቀንሶ ተገኝቷል።

ባለፈው መጋቢት ከሆስፒታል በላኩት የመጨረሻ ሪፖርት፣ በአፈሩ ውስጥ የቀረው ዘር ገና ስድስት ዓመት ማረም እንደሚጠይቅ ገልጸው፣ «ጠፋ ብላችሁ እንዳትተዉት» ሲሉ አሳስበዋል። ማኅበሩ ስድስቱንም ዓመት ሊሠራ ወስኗል።

ለባለቤታቸው ለአቶ እንግዳው፣ ለልጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ወይዘሮ ታይቱን ጨምሮ በየአገራቸው ላሉት የቀን ሠራተኞች ዜናውን ማድረስ አልቻልንም። ለሐምሌ አረማ ሲመጡ መርዶውን የምንነግራቸው እኛ ነን፤ አብረናቸውም እናለቅሳለን።