የዓይኔ እብጠት ያመጣው ለቅሶ

ጽናትዬ፣ አንቺም የዓይንሽን ቆብ ልታሠሪ ቀጠሮ ይዘሻልና ከዚያ በፊት ይቺን አንብቢ።

ሐኪሙ ያለኝ ሁሉ እውነት ነው። ያብጣል፣ ይበልዛል፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ እንዳታሺው፣ ትራስሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ። እኔም የቢሮ ሰው ሳያየኝ እብጠቱ ይውረድልኝ ብዬ ደጋ አገር ዘመሮ፣ አክስቴ እትዬ ማንጠግቦሽ ዘንድ መጣሁ። ያልነገረኝ አንድ ነገር ነው። እዚህ አገር ዓይኑ አብጦ በድንገት የመጣ ዘመድ መርዶ ይዞ ነው የሚመጣው።

ጉሙ ጥቁር መነጽሬን ቢሸፍንብኝ አውልቄው ነበር። እትዬ በር ላይ ሲያዩኝ ሰላምም አላሉኝ። «አስቻለው ነው አይደል?» ብለው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። አስቻለው ጅማ መስመር የጭነት መኪና የሚነዳ ልጃቸው ነው። «ኧረ ደህና ነው፣ ዓይኔን አሠርቼ ነው!» ብል ማን ይስማኝ! እኛ ሰፈር ቢሆን ጎረቤት በመስኮት አይቶ ዝም ይላል፤ እዚህ ግቢው ወዲያው በአልቃሽ ሞላ። ልጁ ራሱ ሊነጋጋ ሲል በስልክ «እማዬ፣ አለሁ» እስኪላቸው ድረስ ያመነኝ የለም።

ደክሞኛል ጽናትዬ። ድካሜ ፊቴ ላይ እንዳይታይ ብዬ ነበር ያሠራሁት፤ ከመጣሁ ወዲህ ግን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

የምጽፍበት ካርድ ሞላብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ማሙሽንም ናፍቀኸኛል በይልኝ። የእትዬ ዓይን ከእኔ ብሶ አብጦ ስላደረ፣ ዛሬ ጠዋት ዓይኔን በቀዝቃዛ ውሃ የምይዝበትን ጨርቅ ለሁለት ቀድጄ ግማሹን ሰጠኋቸው።

ኮከብ