ለአባባ ፓምፕ የመረጥነው ታይመር

ለምወድህ ወንድሜ ለእዮብ ወልደ ኪዳን፤ ካለህበት ዱባይ ይድረስህ።

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ዝም ብለህ ችለኸው ነው? ሙቀቱስ እንዴት አደረገህ? እንቅልፍ ታገኛለህ? አብረውህ የሚኖሩት ልጆችስ ደህና ናቸው? እኔ እህትህ ትርሲት፣ ባለቤቴ ይስማውም፣ ልጃችን ሰሎሜም በጤና አለን፤ ያንተ ናፍቆት ግን ጤና አይባልም። አባባም አሉ። አሉ ብዬ ልለፈውና እመለስበታለሁ፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልህ በሳቸው ነገር ነው።

ከገና ወዲህ ስልኩ ዝም ስላለ በሰው እጅ የላክኸው ደብዳቤ ሞጣ ድረስ መጥቶልኛል። ፓምፑን በሰዓቱ የሚያበራውና የሚያጠፋው ታይመር እንዴት ነው፣ ያስተማምናል ወይ፣ መጠባበቂያ አንድ ልጨምር ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ገጽ ሙሉ ስለ ታይመር ጽፈህ ስለ ራስህ ሁለት መስመር! አይ አንተ፣ መቼም አትለወጥም። ደብዳቤህን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነው ወደ ቢቸና የተነሳሁት። ጎረቤታችን ይርጋነሽ አባትሽ ከአልጋ አልነሳም አሉ ብላ ልካብኝ፣ መንገዱ እስኪከፈት ጠብቄ መጣሁ። አሁን የምጽፍልህ ከቤታችን፣ እማዬ ትቀመጥበት ከነበረው መስኮት ሥር ሆኜ ነው።

ገንዳውን ሠርተህልን ስትሄድ እማዬ እንዴት ትስቅብህ እንደነበር ትዝ ይልሃል? ዓሣና ጎመንን አንድ ቤት ያከራየ ልጅ ትልህ ነበር። ውሃው ከዓሣው ገንዳ በፓምፕ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ያለውን ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣል፤ ተጣርቶ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይወርዳል። ፓምፑ ሳያርፍ ቢሠራ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ቆሞ ቢቀር ዓሣው ይታፈናል። እሷ ካለፈች በኋላ አባባ ተረከቡት። ማብሪያውን ይጫኑና በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ዳዊት ይደግማሉ፤ አንድ ንጉሥ፣ አሥሩ መዝሙር፣ ሲያልቅ ያጠፋሉ። ጥቂት አርፈው ደግሞ ያበራሉ። ሰዓት አይተው አያውቁም። ዓሣውም ቆስጣውም የሚኖረው በዳዊት ነበር።

በነሐሴ ጭቃው አንሸራቷቸው የወደቁ ጊዜ ነው እኔና አንተ የተደናገጥነው። በዚህ ዕድሜያቸው ቀን ከሌት ማብሪያና ማጥፊያ ሲጠብቁ ሊሞቱብን ነው ተባባልን። እፎይ ይበሉ አልን። ክፋት አልነበረብንም እኮ።

መጀመሪያ ከሞጣ የገዛሁትን ታስታውሰዋለህ፤ ቁጥር የሚያበራውን፣ ቁልፍ የበዛበትን። መልኩ ሲያምር! ግን ውስጡ ያለችው ባትሪ ደካማ ኖሯል፣ መብራት ሲጠፋ የነገርነውን ሁሉ ይረሳል። መብራቱ ሲመለስም ዜሮ ዜሮ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ፓምፑን አያስነሳም። አንድ ጠዋት አባባ ሲወጡ ዓሣዎቹ፣ ቆሮሶዎቹ፣ አፋቸውን ከውሃው በላይ አድርገው አየር ሲለምኑ አገኟቸው። በጣሳ እየቀዱ፣ ከፍ አድርገው መልሰው እያፈሰሱ፣ አየር ሲያስገቡላቸው አረፈዱ። ግማሾቹ ተረፉ፣ ግማሾቹን ከቆስጣው ሥር ቀበሯቸው።

ከዚያ አንተ ክብ የሆነውን፣ ዙሪያውን ጥርስ ያለውን መረጥህ። የተጫነው ጥርስ ሲደርስ ያበራል፣ ያልተጫነው ሲደርስ ያጠፋል። መብራት ሲጠፋ እሱም ባለበት ይቆማል፤ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ሰዓቱ ቢዛባ ምን ቸገረን፣ የምንፈልገው ሠርቶ ማረፉን ነው አልኸኝ። የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለው የሚረሳውም የለም ብለህ አሳቅኸኝ። የፓምፑን ጉልበት የሚችል መሆኑን አይተህ፣ ውሃ እንዳይነካው ከፍ አድርገሽ ስቀይው ብለህ ላክህልኝ። እንደ ነገርኸኝ አደረግሁ።

እንግዲህ ለጥያቄህ መልስ ከፈለግህ፣ አዎ ያስተማምናል። ከኅዳር ወዲህ አንድም ቀን አልሳተም። ዓሣዎቹ ወፍረዋል። ቆስጣውን ይርጋነሽ ቀጥፋ መጨረስ አቅቷታል። የከሱት አባባ ናቸው።

መጀመሪያ ሰሞን ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ያዩት ነበር አለችኝ ይርጋነሽ። ቀጭ ቀጭ ሲል ያዳምጣሉ፤ ፓምፑ ራሱ ተነስቶ ራሱ ሲጠፋ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ቀጥሎ በርጩማውን ወደ ቤት አስገቡ። ቀጥሎ ዳዊቱን ማኅደሩ ውስጥ ከትተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ቅዳሴም ቀሩ። እኔ ስደርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተው ነበር። ክንዳቸውን ብይዝ አጥንት ነው የያዝሁት። ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመረመርኋቸው፤ ይህ ነው የሚባል በሽታ አላገኙባቸውም። እህል አልቀምስም ብለዋል፣ በቃ።

አፌን ታውቀው የለ? ተቆጣኋቸው። ልጅዎ ከባሕር ማዶ ዕቃ ልኮ ካሳረፈዎት፣ ጎረቤት ከተንከባከበዎት ምን ጎደለብዎት አልኋቸው። ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ፣ «ልጄ፣ የምደግመው ለእናትሽ ነበር» አሉኝ። «ውሃው ሲወርድ እጠራታለሁ፣ ሲቆም ደህና ዋይ እላታለሁ። አሁን ውሃው ሳልጠራው ይመጣል፣ ሳልሰናበተው ይሄዳል። ምን ልሠራ ብዬ ልነሳ?»

እዮብዬ፣ እኔና አንተ ድካም ነው ያልነው ለቅሶ ኖሯል። አልቅሰው ሳይጨርሱ ከእጃቸው ወሰድንባቸው። ያለ ፓምፑስ መድገም ያቅታቸዋል ወይ ትለኝ ይሆናል፤ እኔም ብያቸዋለሁ። ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ሳቡ። ጓዳ ገብቼ እንዳይሰሙኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስሁ።

በማግሥቱ ታይመሩን ነቀልሁት። ተበላሸ፣ ዓሣዎቹ ሊያልቁብን ነው፣ ይነሱልን አልኋቸው። ተነሱ። እኔ በአንድ በኩል፣ ይርጋነሽ በሌላው ደግፈን አወጣናቸውና በርጩማው ላይ አስቀመጥናቸው፤ ዳዊቱን ጉልበታቸው ላይ አደረግሁላቸው። ማብሪያውን በራሳቸው ጣት ተጫኑት። ውሃው ሲወርድ ፊታቸው ፈካ ሲል አየሁ፤ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም። መጽሐፉን ሳይገልጡ በቃላቸው ጀመሩ፣ እንደ ድሮው። ከዚያ ቆሙ። የሚቀጥለው ጠፋቸው። ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ እዚያው ሲደርሱ ደግሞ ቆሙ። መጽሐፉን ገለጡት፤ ዓይናቸው ፊደሉን አልለይ አላቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ተቀብዬ ለማንበብ ሞከርሁ፤ ፊደሉን አውቃለሁ እንጂ የግእዙን ንባብ ስልት፣ ተነሽና ወዳቂውን፣ ማን አስተማረኝ? የኔታ ዘንድ የተላክኸው አንተ ነህ። እየተንገዳገድሁ ሦስት መስመር እንደሄድሁ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። አልተቆጡም። «እዮብ ቢሆን» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። ውሃው ያን ጊዜ ሁሉ ይወርድ ነበር፤ ከጠጠሩ ሞልቶ ወደ ግቢው ሲፈስ ሄጄ አጠፋሁት። አባባን መልሰን አስተኛናቸው። ታይመሩንም መልሼ ሰካሁት፣ ዓሣዎቹ ምን አደረጉ?

ስለዚህ ሌላ ታይመር እንዳትልክ። አንተው ና። ውልህ እንዳላለቀ አውቃለሁ። ፓስፖርትህ አሠሪህ እጅ ላይ እንዳለ፣ ለእማዬ ቀብር እንኳ አልፈቅድም እንዳለህ አውቃለሁ። የኛም አገር መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን እንደሚዘጋ ሰምተሃል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ና የምልህ። ለእማዬ ሳትደርስ ቀርተህ በስልክ ያለቀስኸውን ለቅሶ እኔ ነኝ የሰማሁት፤ ሁለተኛ መስማት አልችልም። አንድ ሳምንት ይበቃል። አጠገባቸው ተቀምጠህ የጠፋቸውን ብታስታውሳቸው ይነሱ ይሆናል፤ ባይነሱም ባጠገባቸው ትሆናለህ።

ይስማው በጣም ናፍቆሃል፣ ወገብህን እንድትታከም አደራ ብሎሃል። ሰሎሜ አጎቴ ቁመቱ ስንት ነው እያለች ታስቸግረኛለች፤ በፎቶ ብቻ ስለምታውቅህ ነው፣ ጉንጭህን ስማልሃለች። ይርጋነሽ አባትህን ለእኔ ተውልኝ፣ ውሃና እህል አላሳጣቸውም፣ ልጅ ግን መሆን አልችልም ብላሃለች። አብረውህ ላሉት ልጆች ሁሉ ስማቸውን ባላውቅም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። አባባን ደግሞ የእዮብን ምርቃት ይንገሩኝና ልጻፈው አልኋቸው። ከአልጋቸው ትንሽ ቀና ብለው፣ «በወረቀት አልመርቀውም፤ ሲመጣ እጄን ጭኜ እመርቀዋለሁ» አሉኝ። ብለምናቸውም እንቢ አሉ።

እህትህ ትርሲት ወልደ ኪዳን
ቢቸና፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.