የአሰለፈች መደብ

ሰኔ 3
ዘነበ። ቆሎ ቆርጥሜ ዋልኩ። ሰራዊት ከአዲስ አበባ አልደወለም... ልጄ ሥራ በዝቶበት ይሆናል።
የበርበሬው ችግኝ አሁንም ቢጫ ነው፤ ጣት አላከለም። ባለቤቴ አሰለፈች ካረፈች አምስት ወሯ። ያስቀመጠችውን ዘር በሙሉ ዘራሁት፣ አንዲት ፍሬ እንኳ አላስቀረሁም። ምን ዓይነት ጅል ነኝ? ሆሞሻ ገበያ በርበሬ ሞልቷል። እናቷ ከወሎ ቋጥራ ያመጣችው ግን ይሄ ከደረቀ አለቀ።

ሰኔ 5
ማዳበሪያ ጨመርኩ። ባሰበት።

ሰኔ 9
የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ስርጉት መጣች። አንዱን ነቅላ ሥሩን አየችው።
"ጋሽ ደባልቄ፣ መደቡን አቃጥለውታል እንዴ?"
አዎ። አረም እንዳይበቅል ጭድ ከምሬ አንድጄበታለሁ። ንጹሕ ይሁን ብዬ እኮ ነው። ከሥሩ ጋር የሚኖር ፈንገስ አለ አለችኝ፤ ውሃና ምግብ ከሩቅ ያመጣለታል፣ እሳቱ እሱን ጨርሶታል። እኔ ፈንገስ ሁሉ በሽታ ይመስለኝ ነበር።
"ጤነኛ በርበሬ ከበቀለበት፣ እሳት ካልነካው መሬት፣ ሥር ያለበት አፈር በየጉድጓዱ ጨምረው ችግኙን ያዛውሩት። ማዳበሪያውን ይተዉት።"
አሰለፈች በየዓመቱ ከድሮው መደብ አንድ አንድ እፍኝ ትጨምር ነበር። "አፈር ለአፈር ምን ይጨምርለታል?" ስላት፣ "አንተ ውሃውን አምጣ" ትለኛለች።

ሰኔ 10
እንዲህ ያለ መሬት ያለኝ አንድ ነው። ጓሮ ያለው፣ የመጨረሻው መደቧ። አምና የተከለችው በርበሬ ግንዱ ደርቆ ቆሟል፣ ሣር ወርሶታል። መኮትኮቻዋ መሐሉ ላይ እንደተሰካ ነው። ከቀብሯ ወዲህ አልነካሁትም። ጠዋት ጠዋት ቆሜ አየዋለሁ... ከቆፈርኩት ምን ይቀረኛል?

ሰኔ 14
አልቆፈርኩም። ሦስት ችግኝ ደረቀ።

ሰኔ 15
ጎረቤቴ ዓኢሻ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ አማርኛዋ አጭር ነው፣ ግን ሰው ላይ ያርፋል።
"አሰለፈች ሞተ። አንተም ሞተ እንዴ? በር ሁልጊዜ ዝግ ነው።"
ችግኙን አሳየኋት፣ መደቡንም።
"ወላሂ፣ አሰለፈች ሥራ የሚፈታ መሬት አይወድም ነበር" ብላኝ ሄደች።
ከሰዓት መኮትኮቻውን ነቀልኩ። እጀታው ላልቷል። አለቀስኩ፣ ቆፈርኩ። ሠላሳ ሰባት ችግኝ፣ ለእያንዳንዱ አንድ እፍኝ።

ሐምሌ 8
አምስቱ ሞቱ። የቀሩት አዲስ ቅጠል አወጡ። ለማን ልንገር? ሰራዊት ጋ ደወልኩ። "ስብሰባ ላይ ነኝ አባዬ።"

መስከረም 12
የመጀመሪያዋን ቃሪያ ቀጥፌ እዚያው ቆሜ በላኋት። አቃጠለችኝ። የእሷው ናት። ከየግንዱ ሁለት ሁለት ለዘር ትቻለሁ፣ ይቅሉ።
ዓኢሻ ሳህን ይዛ መጣች። ቃሪያ ፈልጋ መስሎኝ ልቀጥፍላት ስል፣
"አፈር ስጠኝ። ለኔ ቲማቲም።"
ከአሰለፈች መደብ ሞልቼ ሰጠኋት። ግማሹ አልቋል። ይለቅ።
ስትወጣ በሩን ልትዘጋው ነበር። ተይው አልኳት።