ቀርፋፋው ከፊት ይሂድ

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት አደረገዎት? ብርድ ሲነሣ የሚቀሰቀሰው ሳልዎስ ተወዎት? እትዬ እንዴት ናቸው? ዓይናቸው ከታከመ ወዲህ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ቻሉ? ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ ደኅና ነው? እኔ ከእግሬ በቀር ደኅና ነኝ። የእግሬን ጉዳይ በተራው እነግርዎታለሁ፤ መምህርን ከቅደም ተከተሉ ማን ያወጣዋል።

የተራራ ጉዞውን ላዘጋጁት ሰዎች ደውለው «እህቴን በመጀመሪያው መኪና አውርዱልኝ» ማለትዎን መንገድ መሪው ትናንት ነገረኝ። አልተቆጣሁም፤ በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም እደውል ነበር። መኪናው ዛሬ ከሰዓት ስንቅ አራግፎ ይመለሳል። ከዚህ ማረፊያ ቤት ወዲያ መኪና የሚሄድበት መንገድ የለም፤ ያለው በረዶ የያዘው የተራራ መተላለፊያ፣ ከዚያም የማዶው ቁልቁለት ብቻ ነው። በመኪና የሚመለስ ሰው ዛሬ መመለስ አለበት። ስለዚህ ያለሁበትን ሳላሳንስም ሳላጋንንም ጽፌ ውሳኔዬን ላሳውቅዎ።

እግሬን ያቆሰልኩት በገዛ እጄ ነው። በቤታችን አዲስ ነገር ለቀኑ ይቀመጥ እንደነበር ያስታውሳሉ፤ እናታችን አዲሱን ብርድ ልብስ ለእንግዳ ስትል ብል በላው። እኔም የተራራ ጫማውን ገዝቼ፣ አቧራውን እየጠረግሁ፣ ከነካርቶኑ ለጉዞው ቀን አቆየሁት። ልምምዴን ሁሉ ያደረግሁት በአሮጌው ጫማ ነበር። ገና ጉዞ በጀመርን ቀን ተረከዜ ውሃ ቋጠረ፣ በማግሥቱ ተላጠ። አብራኝ የመጣችው ጎረቤቴ ነርሷ ቁስሌን እያጠበች፣ ከእግርሽ ይልቅ ለጫማሽ ታዝኛለሽ ለካ፤ እሱ እኮ አንዲት ጭረት የለበትም አለችኝ።

ሌላውም መከራ ከዚህ አይሻልም። የሻንጣው ማንገቻ ትከሻዬን አቅልቶታል። ድንኳኑ ውስጥ ስናድር ትንፋሻችን ጣሪያው ላይ ውሃ እየሆነ ፊታችን ላይ ይንጠባጠባል። ጠዋት ጠዋት ያልደረቀ ካልሲ ማጥለቅን ለጠላትም አይስጥ። ነርሷ ታንኮራፋለች፤ ስነግራት ደግሞ የሰማሽው የራስሽን ነው ትለኛለች። ከፍታው ራስ ያማል፣ እህል ያስጠላል። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የምፈራው ጉልበቴን ነው። ቁልቁለት ላይ ድንጋዩ ከሥሬ ሲንከባለል ይከዳኛል፤ መተላለፊያው ላይ ከከዳኝ ደግሞ ሌሎቹ ተሸክመውኝ ሊወርዱ ነው። በሰው ትከሻ ላይ መውደቅ ከሞት ይልቅ ያሳፍረኛል።

መንገድ መሪው ቃል የሚቆጥብ ጎልማሳ ነው። ከኋላ እየቀረሁ ሳስቸግር አንድ ጠዋት ጠርቶ ከእሱ ቀጥሎ አቆመኝ። በመንገድ መሪዎች ደንብ ቀርፋፋው ከፊት ይሄዳል፤ ሌላው በእሱ እርምጃ ይከተላል። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ ቀርፋፋ ሰው ከኋላ ከሆነ ፈጣኖቹ ዐርፈው ይጠብቁታል፤ እሱ ሲደርስ እነሱ ይነሣሉ፤ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ ይውላል አለኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን ደካማ ተማሪ ከፊት ወንበር ሳስቀምጥ ኖሬያለሁ። የሰው ሁሉ ዓይን ማጅራት ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚያቃጥል ግን ያን ዕለት ገና አወቅሁ። ነርሷ ደግሞ ዝም አትልም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላ ብትተርት «እንቁላሏ» የሚል ስም ወጣልኝ። አሁን እንቁላሏ ተነሣች ወይ ሳይል ሻንጣውን የሚያነግት የለም። ደግነቱ ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ የቀረ ሰው የለም። ከተጓዦቹ መካከል ሁልጊዜ ቀድሞ ይሮጥ የነበረው አንድ አናጢ እንኳ፣ በእርስዎ እርምጃ ስሄድ ራስ ምታቴ ለቀቀኝ ብሎኛል።

ትናንት መንገድ መሪው ስለ መተላለፊያው ቁርጡን ነገረኝ። መምህር፣ ሸክምዎ ከቀለለ ጉልበትዎ ይችላል፤ ካልቀለለ ግን በመኪናው ይወርዳሉ፣ ቢቀየሙኝም ግድ የለኝም አለ። ሻንጣዬን ዘረገፍኩ። ከሁሉ የከበደው እርስዎ በፖስታ የላኩልኝ የሱፍ ካፖርት ሆኖ ተገኘ። ያሞቃል፣ አልዋሽም፤ ሲረጥብ ግን እኔን ያክላል። ነርሷ ብድግ አድርጋ መዘነችውና፣ አንቺ ለካ ወንድምሽን አዝለሽ ነው የመጣሽው አለች። ቁልፎቹን ቆልፌ፣ አጥፌ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወደ እርስዎ በፖስታ እንዲልክልኝ ለሾፌሩ እሰጠዋለሁ። አይቀየሙኝ። ዛሬ ማለዳ በቀለለው ሻንጣ፣ በሁለት ምርኩዝ፣ ከማረፊያ ቤቱ ጀርባ ያለውን ገደል አፋፍ ወጥቼ ወረድኩ። መንገድ መሪው ከታች ሆኖ ጉልበቴን ብቻ ሲያይ ቆየና፣ ነገ ከእኔ ቀጥሎ ነዎት ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ይህን የተራራ ሰንሰለት በሰሌዳ ላይ በጠመኔ እንደ መጋዝ ጥርስ እየሳልኩ ስንት ክፍል አስተማርኩ። ሰሌዳው ስለሚያልቅ ማዶውን ሁልጊዜ ባዶ እተወው ነበር። አሁን በእግሬ እዚህ ደርሼ ማዶውን ሳላይ አልመለስም። መንገድ መሪው በቃ ካለኝ ግን መተላለፊያው አፍ ላይም ብሆን እመለሳለሁ፤ ግትር ብሆን ሞኝ አይደለሁም። እባክዎ ለአዘጋጆቹ ዳግመኛ አይደውሉ።

እትዬን፣ ጉልበትዎን ስሜያለሁ ብላለች ይበሉልኝ። መካኒኩ ልጅዎን፣ አባትህን ስልክ አታስይዝ ብላሃለች ይበሉት። ለሚስቱም ሰላምታዬ ይድረሳት። ጩጬዋን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ የተራራ ሥዕል ሠርታ ታቆየኝ። መልስዎን ከመተላለፊያው ማዶ ወዳለው ከተማ ፖስታ ቤት፣ በስሜ ይላኩልኝ። እዚያ በእግሬ ሄጄ እወስደዋለሁ።

ታናሽ እህትዎ
ከሐይቁ ዳር ማረፊያ ቤት፣ ማክሰኞ ረፋድ፣ ግንቦት ፮ ቀን