የአባባ ማግኔት

እትዬ፣ ይህ ወረቀት በጤና ያግኝሽ፤ እኛ ደህና ነን፣ አባባም ሰው ማሳቁን አልተወም።

ሐኪሙ በተሰበረው ጭኑ ውስጥ የማይዝግ ብረት እንዳስገባለት ነግሬሽ ነበር። አባባ ግን ዕድሜ ልኩን ከዚያው ብረት የወተት ታንክ ሲበይድ የኖረ ሰው ነውና በቃል አላመነም። ከወርክሾፑ ማግኔቱን አስመጥቶ ጭኑ ላይ አስጠጋው፤ አልሳበም።

"ቢስበው ኖሮ ርካሽ ነበር። ይሄ ደህና ዕቃ ነው" አለ።

ሐኪሙም "ጋሼ፣ ብረቱ አጥንቱን በደንብ ይዞታል፤ የቀረው የእርስዎ ድርሻ ነው" አለው።

"የእኔማ የዋስትና ጊዜ አልፏል" አለ አባባ።

ይኸው ብረቱ ከገባለት አራት ወር ሆነው። ጠዋት ደግፈን ካስቀመጥነው መስኮት ሥር ሳይነሳ፣ ግቢ ውስጥ ስበይድ እያየ "እጅህን አታጣድፍ" ሲለኝ ይውላል። ጫማ ልልክለት ብለሽ ቁጥሩን ጠይቀሽኝ ነበር፤ ለአሁኑ ሹራብ ይሻለዋል።

ልጆቹ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስመውሻል።

ወንድምሽ