ጋዝጊብላ ላይ ያየሁት ፊት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለጥሩሐረግ፤

እታለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽንስ ሻል አለሽ? ጋሼ ደብሬና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እናታችንም ደኅና ናት። ገብሱ ዘንድሮ እንደ ነገሩ ነው። ይህን በፖስታ መላክ ፈርቼ ለነጋዴው ለአደም ሰጥቼዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ነገሩ የዚያ የጓደኛዬ የምንዋጋው ጉዳይ ነው። እንዴት እንደምጽፍልሽ አላውቅም።

ሥዕል ልንማር ኮሌጅ ከገባን ጀምሮ እንዴት እንደነበርን ታውቂያለሽ። እሑድ እሑድ ቤትሽ መጥተን ሽሮሽን ጠራርገን የምንሄደው ሁለታችን ነበርን። ተቀምጦ የሚሣልልን ሰው ስላልነበረን እሱ እኔን፣ እኔ እሱን እየሣልን ተማርን። «ፊትህ ሰልችቶኛል፤ ሌላ ፊት አብቅል» ይለኝ ነበር። ከተመረቅን በኋላም አንድ ክፍል ተከራይተን፣ የአንዳችን ሥዕል ሲሸጥ ሁለታችን እየበላን ኖርን። በሰባ ዓመተ ምሕረት ከዚያው ክፍል ወሰዱት። ስሙ ከተገደሉት ጋር በሬዲዮ ሲነበብ አንቺም ሰምተሻል። እኔም ታስሬ ስፈታ አገሬ ሰቆጣ ገብቼ መምህር ሆንኩ።

ሰሞኑን ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሥዕል እንድሠራ ጋዝጊብላ ላኩኝ። እግረ መንገዴን እየታደሰ ያለ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ገባሁ። ግድግዳው ላይ ጌታ ሕዝቡን ሲመግብ ተሥሏል። ከሕዝቡ መካከል አንዱ እኔ ነኝ! የኮሌጅ ጊዜ ፊቴ፤ ልጅ ሳለን በድንጋይ የፈነከትሽኝ ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር። ቄሱን «ይህን ማን ሣለው?» አልኳቸው። «ወልደ ሰንበት የሚባል እንግዳ ነው፤ ያው መሰላሉ ላይ» አሉኝ።

ቀና ስል አንድ ጺሙ የረዘመ፣ ከሲታ ሰው ቁልቁል ያየኛል። ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። «ምትኩ፣ አንተ ሞተሃል እኮ!» አለኝ። «የሞትከውስ አንተ!» አልኩት። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን እንጃ። እኔ ሳለቅስ እሱ ቀለም በነካ እጁ ፊቴን ይዳስሳል። ቄሱ ጋኔን የያዘን መስሏቸው መስቀላቸውን አወጡ።

ለካስ ሊገድሏቸው ከመኪና ሲያወርዷቸው አንድ ወታደር፣ ምንዋጋው እስር ቤት ሳለ መልኩን ሥሎ የሰጠው ልጅ፣ ጨለማ ውስጥ ገፍትሮ ቦይ ከተተውና «ወድቀህ ቅር» አለው። ሸሽቶ ደሴ ሲደርስ እኔ መገደሌን ነገሩት። ሁልጊዜ የማወራለትን አገር ልይለት ብሎ መጣ፤ በክርስትና ስሙ ካህናቱን ተጠግቶ ቀረ። እናታችንን ሊያጽናና ስንቴ ወደ ሰቆጣ ተነሥቶ፣ ኬላውን ፈርቶ ተመልሷል። እታለሜ፣ የአንድ ቀን መንገድ ለይቶን ይህን ሁሉ ዓመት ተላቀስን!

አሁን የማስቸግርሽ አንድ ነገር ነው። እናቱ እትዬ ይታየሽ ዛሬም ጉለሌ ናቸው። እሱ «አትንገርብኝ፤ ደስታዋን መደበቅ አትችልም፣ ያስሯታል» ብሎ ለመነኝ። በኋላ ግን ራሱ «ለጥሩሐረግ ብቻ ጻፍላት፤ እሷ ታውቅበታለች» አለኝ። ሂጂና በጆሯቸው ንገሪያቸው። እልል እንዳይሉ አፋቸውን ያዥልኝ። ጥቁራቸውንም እንዳያወልቁ፤ ጎረቤት ይጠይቃል። ይልበሱት፤ ልጃቸው ግን አለ።

ጋሼ ደብሬን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ጸሐይነሽን ጉንጮቿን፣ ትንሹን ጓንጉልን ግንባሩን ሳሚልኝ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

ወንድምሽ ምትኩ
ሰቆጣ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.